የእማማ ዝማም ግድግዳ

ወባን ለእኔ ማንም አያስተምረኝም። ያደግኩት አዳማ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ከቤታችን አንዳችን ብርድ ልብስ ተከናንበን ቀትር ፀሐይ ላይ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነገር ነበር። ስለዚህ ጓደኛዬ ትርንጎ ከደብረ ታቦር ደውላ «የወባ ርጭት ሥራ ይዣለሁ፤ መጥተሽ እይኝ» ስትለኝ በሳቅ ነው የሞትኩት።

«ብርድ አገር ምን ወባ አለ? ትንኟ ጋቢ ለብሳ ነው የምትናደፈው?» አልኳት።

«አንች ብቻ ነይ፤ ጋቢ የምትለብሽውስ አንች ነሽ» አለችኝ።

ከትርንጎ ጋር የተዋወቅነው ዓረብ አገር ነው። በአንድ ሕንፃ እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ የሰው ቤት ሠራተኞች ነበርን። መውጣት ስለማይፈቀድልን ወዳጅነታችን በሙሉ በረንዳ ላይ ነው የተሠራው፤ እሷ ከላይ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ ከታች እሰበስባለሁ። የእሷ ውሃ እኔ ያደረቅኩት ላይ እየተንጠባጠበ ስንቴ እንደተጣላን አልነግራችሁም። ከተመለስን ወዲህ እኔ አዳማ ልብስ ስፌት ቤት ከፈትኩ፣ እሷ አገሯ ገባች፤ ዓመታት በስልክ ብቻ አለፉ። ዘንድሮ ለአዲስ ዓመት የሚሰፋውን አጣድፌ ጨርሼ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ጊዜ ደውዬ ጠይቄ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

አዲስ አበባ እህቴ ቤት አድሬ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የመስኮት ዳር ወንበር አገኘሁ ብዬ ስደሰት መስኮቱ የማይዘጋ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ነፋሱ አንዱን ጆሮዬን ሲጠዘጥዘው ሄደ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ «ተቃጠልን» ሲል እኔ ብቻ ሹራቤን አውልቄ አገሬ የገባሁ ያህል ተመቻቸሁ። ደጀን ላይ ሽሮ በላን። የአድአ ጤፍ እየበላሁ ያደግኩ ሰው ነኝና በእንጀራ በቀላሉ አልደነቅም፤ የደጀኑን ግን አስጨምሬ በላሁ።

አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ስንገባ ዘንባባውን፣ ባጃጁን፣ ሞቅ ያለውን አየር አይቼ «ይኸማ ሐይቅ የተጨመረለት አዳማ ነው» አልኩ። ለብርዱ ብዬ የሰፋሁትን ወፍራም ካፖርት በከንቱ መሸከሜ ቆጨኝ። የቸኮለ ሰው ፍርድ!

ሁለተኛው ቀን

ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣን። ወረታ ድረስ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሜዳውን በዱላቸው እያመለከቱ አጫወቱኝ።

«ወባ ድሮ የዚህ ሜዳ ሰው ነበረች ልጄ። ደጋ ካለ ዘመድ ዘንድ ወጥቶ የሚያድር ከሷ ያመልጥ ነበር። አሁንማ እሷም ዳገት መውጣት ለምዳለች።»

ከወረታ በኋላ መኪናው ሽቅብ ጀመረ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጉም መስኮቱን ዘጋው፤ ደብረ ታቦር ስንደርስ ጥርሴ ከጥርሴ ይጋጭ ጀመር። በቀትር! አዳማ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ትርንጎ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ከበረንዳው ዘመን ይልቅ ጠይሟል፣ ትከሻዋም ሰፍቷል። ሳትስመኝ በፊት በእጇ የያዘችውን ጋቢ አለበሰችኝ። «አላልኩሽም?» አለችና ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።

ከተማ የወጣችው ሁለት የተበላሹ የመርጫ ፓምፖችን ልታሠራ ነው። የተቀቀለ የጉና ድንች በአዋዜ እየበላን ሥራዋን አስረዳችኝ። እሷ የአንድ ቡድን መሪ ናት፤ በሥሯ አራት ረጪዎች አሉ። ደብረ ታቦር ራሷ ወባ የለባትም፤ ከጋሳይ ወደ ታች ወርዶ የሚገኘው የትውልድ ቀበሌዋ ሾላ ምድር ግን ቆላ ነው። ረጪዎቹ የቤቱን ግድግዳ በመድኃኒት ይረጫሉ፤ ትንኟ ሰው ነድፋ ጠግባ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ትሞታለች።

«ሥራውን የጀመርኩት ከእናቴ ቤት ነው» አለችኝ። «የቡድን መሪዋ እናት ካላስረጨች ማን ያስረጫል? ደግሞ የዝና አለች።»

የዝና የወንድሟ ሚስት ናት። አምና በመጀመሪያ እርግዝናዋ ወባ ይዟት ጽንሱ ወርዷል። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

«እናቴ ያኔ አንድ ወር ሙሉ ከሰው አልተነጋገረችም» አለች ትርንጎ። «ይህን ሥራ የያዝኩት ለደመወዙ ብቻ እንዳይመስልሽ። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት የሰው ግድግዳ አጠብኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለራሴ ሰው ግድግዳ ልድከም አልኩ።»

በሦስት ብርድ ልብስና በካፖርቴ ተኛሁ። ስላማሁት ካፖርቱን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሦስተኛው ቀን

ወደ ጋሳይ በሚኒባስ ስንጓዝ ጉና በአንድ ወገን ቆሞ ሸኘን። ጫፉ ላይ ሌሊቱን የጣለው በረዶ ነጭ ሆኖ ይታያል። በግርጌው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ በጎቹ ጠጉራቸው የደረበ፣ ሰዉም ያው የደረበ። ጋሳይ መንገድ ዳር የተሰለፈች ትንሽ ከተማ ናት። ያረፍነው እትዬ ዘሀራ ዘንድ ነው፤ ጨርቅና ሳሙና የሚሸጡ፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ሁለት አልጋ የሚያከራዩ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው።

እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው። ክፍት ጫማ ነበር ያደረግኩት።

«በዚህ ነው ሾላ ምድር የምትወርጅው?» አሉኝ።

«ሌላ አልያዝኩም» አልኩ እያፈርኩ።

«ያላህ!» ብለው ሱቃቸው ገቡና የልጃቸውን የጎማ ቦቲ አምጥተው ሞክሪ አሉኝ። ሁለት ካልሲ ሲደረብበት ልክ ሆነ። ልከፍል ብል ተቆጡኝ፤ በእሳቸው ቤት ያደረ ሰው ጭቃ ላይ ወድቆ ቢሞት ስሙ የሚጠፋው የማን ነው?

እኔም በተራዬ ጠቀምኩ። ትርንጎ ከተማ ያመጣቻቸው የሥራ ቱታዎች ብብታቸው ላይ ተቀደው ነበር፤ ረጪ ክንዱን ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንቀሳቅስ ሁሉም የሚቀደዱት እዚያው ላይ ነው። በእትዬ ዘሀራ ሲንጀር የስፌት መኪና ተቀምጬ በየብብታቸው ትርፍ ቁራጭ ጨርቅ አስገብቼ አሰፋኋቸው። ትርንጎ አንዱን ለብሳ ክንዷን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ አልተቀደደም። በሕይወቴ የሙሽራ ልብስ ስሰፋ እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

አራተኛው ቀን

የትርንጎ ወንድም ደመላሽ በቅሎ ይዞ መጣ። በቅሎዋ ለእኔ ናት ተባለ፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ሞተር የሌለው ነገር ተሳፍሬ አላውቅም። ግማሹን መንገድ አንገቷን አቅፌ ወረድኩ። በመካከል ዝናብ መጣ፣ በቅሎዋ አዳለጣት፣ እኔ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ።

«አይዞሽ የኔ እህት» አለ ደመላሽ ሳቁን እየዋጠ፤ «በቅሎዋ ደኅና ናት።»

ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ገብሱ ለማሽላ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። ካፖርቴን፣ ከዚያ ጋቢዬን፣ ከዚያ ሹራቤን አወለቅኩ። በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከደብረ ታቦር አዳማ የደረስኩ ያህል ነው። ታች ሜዳው ላይ ወንዙ የተወው ውሃ በየጉድጓዱ ተኝቶ ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ የትንኟ ነገር ገባኝ።

ትርንጎ ፓምፖቹን ይዛ ቡድኑ ወዳረፈበት ትምህርት ቤት በቀጥታ አመራች፤ ለነገ መሰናዳት ስለ ነበረባት እዚያው ልታድር ነው። እኔን ደመላሽ ወደ እናታቸው ወሰደኝ። እማማ ዝማም ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጠን ብለው ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እግሬን ሊያጥቡ ሲጎነበሱ እሪ አልኩ።

«እማማ፣ ኧረ በፍጹም! እርስዎ የእኔን እግር?»

«ዝም በይ፤ ልጄን በሰው አገር ያጫወትሽልኝ አንች አይደለሽም?» ብለው አጠቡኝ።

ቤት ስገባ ግን አፌ ተከፍቶ ቀረ። ግድግዳው! ቀይ አፈር ከእበት ጋር ተቦክቶ በመዳፍ እንደ ሐር ተለስልሷል። መካከሉን በነጭ አፈር የተሳለ መስመር እየተጠማዘዘ ይዞረዋል። ሠላሳ ሜትር ጥለት ቢሰጡኝ እንዲህ አላዞረውም። ገና ርጥብ አፈር ይሸታል።

«እማማ፣ ይኸማ ግድግዳ አይደለም፣ የሐበሻ ቀሚስ ነው» አልኳቸው።

በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ለእንቁጣጣሽ ነበር የምለቀልቀው። ትመጫለሽ ሲሉኝ አስቀደምኩት። ከናዝሬት ድረስ የተዥጎረጎረ ግድግዳ ልታይ ትመጭ?»

የዝና ጠላ አቀረበችልኝ፤ ዝግ ብላ የምትራመድ፣ አንድ እጇን ከሆዷ የማታነሣ ልጅ ናት። ጎረቤቶች መጡ። እኔም እንግዳ ተብዬ የተከበርኩበትን ቤት ማሞገስ ግዴታዬ ነውና ድምፄን ከፍ አድርጌ ግድግዳውን አወደስኩ። ሴቶቹ እየዳሰሱት የእነሱም እንደ ተለቀለቀ፣ ነጩ አፈር ከየት እንደ መጣ አወጉኝ። ዝማም ከለቀለቀች ማን ይቀራል? ደስ ብሎኝ፣ ጠግቤ፣ በአጎበር ውስጥ ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን

ቅዳሜ ማለዳ ከቡድኑ ጋር ወጣሁ። ሥራቸውን ሳይ ዋልኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ቁርበቱ፣ እንስራው፣ ስልቻው፣ ዶሮዎቹ፣ የመስቀሉ ሥዕል ሳይቀር ደጅ ይወጣል። ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ለጎረቤት ማሳየት ቀላል አይደለም፤ አዳማ ቢሆን የእኔን አልጋ ሥር ማንም አያየውም ነበር። ረጪዎቹ ይህን ያውቃሉ። ከሚወጣው ዕቃ ላይ ዓይናቸውን አያሳርፉም፤ የድሃዋን አሮጌ አንሶላ አጥፈው በክብር ያስቀምጣሉ። ሊወጣ የማይችለውን ትልቅ የእህል ጎታ በፕላስቲክ ይሸፍኑታል። ከዚያ ቱታ፣ ጓንት፣ ቦቲ፣ የፊት መሸፈኛ አድርገው፣ ፓምፑን አዝለው ይገባሉ።

ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በአንድ ልክ ይረጩታል። ትርንጎ ከበሩ ቆማ «አንድ… ሁለት… ሦስት…» እያለች ትቆጥራለች፤ እጅ ከፈጠነ መድኃኒቱ ይሳሳል፣ ከዘገየ ይፈሳል። እያንዳንዱ መስመር በፊተኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይደረባል፤ እኔ የልብስ ስፌት ጠርዝ የማጥፍበት ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ላባቸው ከመሸፈኛው ሥር ይንጠባጠባል፤ መስመሩ ግን አይጠምም። ልብስ የሰፋሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይተው አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሲጨርሱ ቤቱ ሁለት ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል። ትርንጎ የቤቱን እመቤት ከዛፍ ጥላ አስቀምጣ ሊነገራት የሚገባውን ትነግራታለች። በመጀመሪያው ቤት አልሰማኋትም፤ ዶሮ ሳባርር ነበር። በሁለተኛው ግን አጠገቧ ነበርኩ።

«ግድግዳውን እስከ የካቲት እንዳትለቀልቂው» አለቻት። «ለእንቁጣጣሽም ቢሆን፣ ለመስቀልም ቢሆን፣ ለእንግዳም ቢሆን። ከለቀለቅሽው መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ይቀበራል። ትንኟ የምታርፈው ጭቃው ላይ ነው፤ ምንም አይነካትም።»

የእማማ ዝማም ግድግዳ ትናንት ገና ርጥብ አፈር ይሸት ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። እግሬን ያጠቡ ሴት ናቸው፤ ግድግዳውን ያስጌጡት ለእኔ ነው፤ በልጃቸው ፊት ላሳጣቸው ነው? ከዚያ የዝና እጅ ትዝ አለኝ። ምሳ ላይ ሾላ ሥር ስንቀመጥ ለትርንጎ ነገርኳት።

ትርንጎ የጎረሰችውን ዋጠች። «የትኛውን ግድግዳ?»

«ሁሉንም።»

«የዝና የምትተኛበትን?»

«እሱማ ከሁሉ አምሯል» አልኩ።

ሮጥን ብል ይቀላል። እማማ ዝማም ልጃቸው ስትመጣ ደስ ብሏቸው በሩን ከፈቱላት፤ «እስቲ እይው!» አሉ። ትርንጎ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች።

«እናትዬ፣ መድኃኒቱን እኮ ቀበርሽው።»

«ሽታው ለእንግዳ ይከብዳል ብዬ ነው። ደግሞ ግድግዳው ከጠጣው በኋላ ጭቃ ምን ያደርገዋል?»

ትርንጎ አስረዳቻቸው። እማማ ዝማም እየሰሙ ወደ መደቡ ቀስ ብለው ወረዱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት።

«ይህን ለሰው ሁሉ ትናገሪያለሽ ልጄ?»

«ለሁሉም።»

«ለእኔ ግን አልነገርሽኝም።»

እውነታቸውን ነው፤ ትርንጎ ቤት ሁሉ ደጃፍ ተቀምጣ የምትናገረውን፣ የመጀመሪያው ቤት ላይ «እናቴ ናት፣ ታውቃለች» ብላ ሳትናገር አልፋለች። እናትየው ደግሞ ያልተነገራቸውን ሊያውቁ አይችሉም። ሰፈሩን ዞረን ቆጠርን፤ እማማን አይተው የለቀለቁ ቤቶች አሥራ ሁለት ናቸው። ለእነሱ የነገረቻቸው ቢሆንም «የመሪዋ እናት ካደረገችው የተፈቀደ ነው» ብለዋል። በእጅ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ላሉት፣ ገና ላልተረጩት ቤቶች ብቻ የሚበቃ ነበር።

ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ፣ ግማሽ ሰዓት ዳገት ወጥቶ አንድ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። አብሬያት ወጣሁ። እዚያ ደርሳ ስልኩን አወጣች።

«የጎረቤት ቤት ነው የጀመረው ብል ማን ያውቃል?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ እኔ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። እሷ ግን ደወለች። የወረዳውን ተቆጣጣሪ ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሷን ብቻ ነው የሰማሁት።

«አሥራ ሦስት ቤት ተለቅልቆብኛል… አዎ ጌታዬ… የመጀመሪያው የእናቴ ቤት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርኳትም… ይጻፉ። ዝማም ብለው ይጻፉ።» ከዚያ ሦስት ጊዜ «እሽ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ተጨማሪ መድኃኒት ሰኞ ይልካሉ። እኔ ግን በሚቀጥለው ዙር መሪ ሆኜ መቆየቴን እንጃ።» ጋቢዬን አለበስኳት፤ ተራዬ ነበር።

ስድስተኛው ቀን

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የቀበሌ መልእክት ይሰማል። ትርንጎ ልትናገር ስትነሣ እማማ ዝማም በእጃቸው መለሷትና ቄሱን ፈቃድ ጠየቁ። ወደ ፊት ወጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ግድግዳዬን አይታችሁ ያማረ ነው ብላችሁኛል። እኔም ኮርቻለሁ። መድኃኒቱን በጭቃ ቀብሬው ኖሯል። አምና የልጅ ልጄን በወባ አጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ለጌጥ ብዬ በገዛ እጄ በር ከፍቼላት ነበር። እናንተም እኔን አይታችሁ ለቀለቃችሁ። አሁንም እኔን እዩኝ፤ ነገ መጀመሪያ ዕቃ የማወጣው እኔ ነኝ። ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ስትመጡ ግድግዳዬ የተዥጎረጎረ ቢሆን ሳቁብኝ፤ ግን ቤታችሁን ለቅልቃችሁ አትሳቁብኝ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ተባረኪ ዝማም» አሉ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሸፈንኩ፤ የእኔ ነጠላ ስለ ቀጠነ ግን ማልቀሴ ታየብኝ።

ሰባተኛው ቀን

ደመላሽ ንጋት ላይ ጋሳይ ወጥቶ መድኃኒቱን በበቅሎ አወረደው። እማማ ዝማም ከመድረሱ በፊት ቤታቸውን ባዶ አድርገው ነበር። እኔ እንስራ ተሸከምኩ፤ የዝናን ግን ማንም ቁና እንኳ አላስያዛትም።

ትርንጎ የእናቷን ቤት ራሷ ረጨች፤ ከበሩ ሆኖ የሚቆጥርላት ሰው ሲጠፋ እኔ ቆጠርኩላት። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ውብ የነበረው ነጭ ጥለት በፊቴ ወደ ታች እየወረደ ተዘነጣጠለ። ስትወጣ እናቷን ከሾላው ሥር አስቀምጣ፣ እንደ ማንኛዋም እመቤት፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። እማማ ዝማምም እንደማንኛዋም እመቤት እያንዳንዱን ቃል «እሽ» እያሉ ሰሙ። ሁለቱም ፈገግ አላሉም።

እስከ ማታ አሥራ ሦስቱም ቤቶች ተረጩ። ረጪዎቹ ከዕቅዳቸው ውጭ የሠሩት ሥራ ነው፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። አዳማ ሠራተኞቼን ምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሳዘገያቸው የማየው ፊት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። በማግሥቱ በቅሎዋን አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሳይ ላይ ቦቲውን ብመልስ እትዬ ዘሀራ እንቢ አሉ፤ «ሌላ ጊዜ ስትመጭ ምን አድርገሽ ልትወርጅ ነው?» ብለው በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ትርንጎ ከቡድን መሪነት ወርዳ ለሚቀጥለው ዙር በተራ ረጪነት ተጠርታለች። ደውላ ስትነግረኝ ከእሷ ይልቅ የተናደድኩት እኔ ነኝ። «ትከሻዬ አለ እኮ» አለችኝ፤ «ፓምፑም ያው ፓምፕ ነው።»

የዝና በጥቅምት ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ ጥር ላይ ሆነ። እኔ መሄድ ባልችልም ለእማማ ዝማም ጥለት ያለው ቀሚስ ሰፍቼ ላክሁ፤ የግድግዳቸውን ጥለት በልቤ ይዤው ስለ ነበር እሱኑ አስገባሁበት። ትርንጎ ፎቶ ላከችልኝ። እማማ ቀሚሱን ለብሰው፣ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ቀይና ነጩ ተደባልቆ፣ ከላይ እስከ ታች በመድኃኒቱ ተዥጎርጉሯል። ለክርስትና ድግስ እንኳ አልነኩትም።

አብሮ የእሳቸው ድምፅ ተቀድቶ ደረሰኝ።

«የናዝሬቷ ልጄ፣ እንደምን አለሽ። እንግዳው ሁሉ ‹ምነው ዝማም፣ ለዚህ ድግስ ግድግዳሽን ሳትለቀልቂ?› አለኝ። ያልለቀለቅኩበትን ምክንያት አቅፌዋለሁ፣ ኑ እዩት አልኳቸው።»